ሽማግሌውን ማን ያስነሳዋል

“ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ ማንም አልነካውም” አለ ወንድም ጋሼ በስልክ፣ ከማዶ ያለው ሰው የሚሰማው በጩኸቱ ልክ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ። እህቱ መታጠቢያ ቤት ነበረች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና ተሸፍኗል፤ አረፋው ናፍጣና የሞተር ቅባት ገብቶበት አመድ መስሏል። “አዎ፣ ስምንት ዓመት” አለ ወንድም ጋሼ። “ረዳት? አይ፣ ረዳት የለኝም። ብቻውን ብለህ ጻፈው።” ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ያን ዕለት ጧት ዘመድ ሆኖ ተገኘና አንዲት ቃል ሳያስቀር አደረሰላት። ቧንቧውን ዘጋች። ወንድሟ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ደስ ሲለው እንደሚያደርገው በአፍንጫው ሲያንጎራጉር ሰማች። እጇን ወደ ፎጣው ሰደደችና እዚያው ቆማ ቀረች።

ሌላ ሰው ቢሆን በንዴት ይጨስ ነበር። እሷም አልተናደደችም ማለት አይደለም፤ ግን ንዴቱ ከመድረሱ በፊት መገረም ቀደመው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሰዓት ቢቆም ፈትታ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጎረቤት ቢጣላ ማን እንደበደለ ሳይሆን ነገሩ ከየት እንደጀመረ ነው የምትጠይቀው፤ “እስቲ ልይ” ሳትል ያለፈችው በር የለም። ቤተሰቡ በዚሁ ምክንያት “እስቲልይ” ብሎ ያወጣላት ስም በሃምሳ ሁለት ዓመቷም አለቀቃትም። ስለዚህ ያን ጧት ለራሷ “እንዴት እንዲህ ይላል?” አላለችም። ያለችው “ይኼ ሰው እውነት እየመሰለው ነው ወይስ እያወቀ?” ነው። መልሱን ሳታገኝ ላትመለስ ቆረጠች።

ሽማግሌው የሚሉት አውቶቡሱን ነው። አፍንጫው ወደ ፊት የወጣ፣ አርባ ሰው የሚጭን፣ እስቲልይ ሳትወለድ ከፋብሪካ የወጣ አውቶቡስ ነው። ወንድም ጋሼ በጉልምስናው ነድቶታል፤ ጡረታ በወጣ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ቆራርጦ ለብረት ነጋዴ ሊሰጠው መሆኑን ሲሰማ ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ በሌላ መኪና አስጎትቶ ግቢው አስገባው። የዚያኑ ዓመት ሚስቱ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ እሱ መንገዱን በሚያየው የፊት ክፍል፣ እሷ ከጓሮ በኩል በተቀጠለው ክፍል። መካከላቸው ያለው ረጅም መተላለፊያ የፊት መብራት፣ የጎማ ክዳን፣ የበር እጀታና ስሙ የማይታወቅ ብረት ሁሉ ተደርድሮበት ሰውን በጎኑ ካልሆነ አያሳልፍም። እውነቱን ለመናገር ወንድም ጋሼ ብዙ ለፍቷል። ዝገቱን እሱ ፋቀው፤ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሁለቱን ጊዜ አልወደደውም፤ ፍሬኑን፣ ማርሹን፣ በሩን ያስተካከለው እሱ ነው። እስቲልይ ደግሞ ሙያዋ የመኪና ወንበር ማልበስ ነውና አርባውንም ወንበር አልብሳለች። እሱ ግን ይህን ከሥራ አይቆጥረውም። “ወንበርማ ልብስ ነው፤ ሰው የሚኖረው በልብሱ ነው በልቡ?” ይላል። ልቡን ጧት ጧት ማን እንደሚቀሰቅሰው ግን ጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ተገጥሞ ባለቀ በሳምንቱ፣ ብርድ በነበረበት አንድ ጧት፣ ወንድም ጋሼ ቁልፉን ቢያዞር ሽማግሌው አቃሰተ እንጂ አልነሳም። ደግሞ አዞረ፤ ደጋገመ፤ ባትሪው ደከመ። ያኔ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ቀረ። ሲወርድም ቃል ሳይተነፍስ ገባ፤ ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። የሰበረው አውቶቡሱ ብቻ እንዳልሆነ እስቲልይ ታውቃለችና አንጀቷን በላት። በአራተኛው ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያገኘችውን የጥገና መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የነዳጁን ቱቦ ከቋቱ ጀምራ በጣቷ ተከተለችው። ሽማግሌው አንድ ክፉ ዐመል አለው፤ አራት አምስት ሰዓት ከቆመ ናፍጣው ከሞተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ቋቱ ውስጥ ይተኛል፤ በቱቦው ውስጥም አየር ይቀራል። መድኃኒቱ ሞተሩ ጎን ያለውን ትንሽ የእጅ ፓምፕ ስልሳ ጊዜ መጫን ነው፤ ከዚያ ከላይ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ መጠበቅ፣ መልሶ ማጥበቅና ቁልፉን ማዞር። እንዲህ ስታደርግ ተነሳ። ሃያ ደቂቃ አሞቀችውና አጠፋችው። አንድ ሰዓት ላይ ወንድሟን “እስቲ ዛሬ ሞክረው” አለችው፤ ቁልፉን ገና ሲነካው ሞተሩ ተነሳ፤ ወንድም ጋሼም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። “አኩርፎኝ ነበር እንጂ ምንም አልሆነም” አለ። ያን ሳቅ ካየች በኋላ በምን አፏ ትንገረው?

“ሆድ ይፍጀው” አለችና በማግስቱም ተነሳች፤ በማግስቱም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ትወጣለች፤ ትጫናለች፣ ታስነሳለች፣ ታሞቃለች፣ ታጠፋለች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ትንሽ ጋደም ትላለች። ወንድም ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሞተር አጠገብ ሲቀመጥ ቀኝ ጆሮው ደንቁሯል፤ የሚተኛው ደግሞ በደኅናው ጆሮው ላይ ነው፤ እንኳን የጓሮ ሞተር፣ ትራሱ ሥር ነጎድጓድ ቢወድቅ አይሰማም። በሰፈሩ ይህን ነገር የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ከአልጋው የሚወርደው የሽማግሌውን ድምፅ ሲሰማ ነው፤ የማዕዘኑ ባለሱቅም አንዳንድ ቀን “ዛሬ አምስት ደቂቃ ዘገየሽ” ይላታል። እሷ በበኩሏ ናፍጣው በየት ሾልኮ እንደሚመለስ ስምንት ዓመት ስትፈልግ አላገኘችውም። ቱቦውን ሁለት ጊዜ ቀይራለች፤ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ፈትታለች። ጧት ጧት ሳይሰለቻት የሚያስነሳት ወንድሟን መውደዷ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ይህን ማወቅ መፈለጓም ጭምር ነው።

የዕለቱ ጉዳይ የቅርስ ሰሌዳ ነበር። የሽማግሌው ፈቃድ ካለቀ ዘመን ስላለፈው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፤ ለዚያች አንድ ቀን ብቻ፣ ከቤት ወደ አሮጌ መኪኖች ትርኢት ሄዶ የሚመለስበት ወረቀት ተሰጥቶታል። ትርኢቱ ላይ ዳኞች ፈትነውት ካለፈ ሰሌዳ ይለጠፍለትና እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ከወደቀ ግን ሁለተኛ ፈተና ስለሌለ ግቢ ውስጥ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ መሆኑ ነው። የፈተናው ዝርዝር ከመጣ ወር ሆኖታል፤ ወንድም ጋሼ መተላለፊያው ላይ ለጥፎት ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያነበዋል። ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ትላለች፦ “ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የተመዘገበው ሠሪ በዳኞች ፊት ያስነሳዋል። ሙከራው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።” ወንድም ጋሼ ከሁሉም የሚንቀው ይህችን ነው። “መቼ አስቸግሮኝ ያውቃል?” ብሎ ገና በመጀመሪያው ቀን በእርሳስ ምልክት አደረገባት። እስቲልይ ግን ባየቻት ቁጥር ዓይኗን ትመልሳለች። ወር ሙሉ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ነገ ዛሬ ሆነ። በመጨረሻ ያሰበችው ተራው ከመድረሱ በፊት ሹልክ ብላ ፓምፑን ስልሳ ጊዜ መጫን ነበር፤ እሱም እንደ ወትሮው ያስነሳል፣ እንደ ወትሮው ይስቃል።

ቁርስ ላይ ወንድም ጋሼ የድሮውን የሾፌር ኮቱን አስተኩሶ ለብሶ ነበር፤ የኮቱ ቁልፍ ሆዱ ላይ አልደርስ ብሎ አፍጥጧል። ሻይ ቀዳችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“ማን ነበር የደወለው?” አለችው።

“የትርኢቱ ሰዎች ናቸው፣ ለምዝገባው። ሥራውን ማን ሠራው አሉኝ፤ ነገርኳቸው።”

ዳቦውን ሻዩ ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። ፊቱን አጠናችው። የሚዋሽ ሰው ወይ ዓይኑ ይሸሻል፣ ወይ ወሬ ያበዛል፤ እሱ ግን ዳቦ እንደሚበላ ሰው ብቻ ነው የሚመስለው። ሌላ ጊዜም እሷና እሱ ቁርስ ላይ ብዙ አያወሩም። እሱ “ስኳር” ይላል፣ እሷ ታቀብለዋለች፤ እሷ “ዛሬ ሊዘንብ ነው” ትላለች፣ እሱ በመስኮት ያያል። ያን ዕለት ግን ዝምታው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሰው የተቀመጠ መሰላት። “ሽማግሌው ይጠብቀናል” ብሎ ተነሳ፤ እሷም ኩባያዎቹን ሳታጥብ ተከተለችው።

ሽማግሌው ከግቢ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወንድም ጋሼ ከመሪው ኋላ ቀጥ ብሎ፣ እስቲልይ በሩ አጠገብ ባለችው የትኬት ቆራጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው አቀበቱን ወጡ። ባለ ሰባት ማርሽ አዳዲስ አውቶቡሶች እየጮኹ አለፏቸው፤ አንዳንዱ ሾፌር ግን ከጎናቸው ሲደርስ ቀስ ይልና ኮፍያውን ነካ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል። ወንድም ጋሼ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር ለሞተሩ እያወራለት ነበር፤ “በል እንግዲህ”፣ “አይዞህ”፣ “ደግ”። አደባባዩ ጋ ትራፊክ አስቁሟቸው ሳሉ አንድ ጃንጥላ የያዙ አዛውንት በሩን ከፍተው ገቡና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። መደበኛው አውቶቡስ መስሏቸው ነው። እስቲልይ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ወንድም ጋሼ በስፖኪዮ አይቶ “ተያቸው፣ መንገዳችን ነው” አለ፤ ደስታው እስከ ጆሮው ደረሰ። አዛውንቱ ወንበሩን በመዳፋቸው እየደባበሱ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ብዙ ዘመን እንዳለፋቸው ነገሯቸው፤ ስፌቱ የእጅ መሆኑንም አወቁ። ቆይተው ማን እንደሠራው ጠየቁ። “እዚያው ቤት ነው የተሠራው” አለ ወንድም ጋሼ። ይህን ሲል በስፖኪዮው እህቱን አንድ ጊዜ አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እስቲልይ ያችን አየት ያዘቻት። ስለ ወንበሩስ ያውቃል ማለት ነው፤ አውቆ ነው የሚዘለው። አዛውንቱ አራተኛው ፌርማታ ላይ ሊከፍሉ ሲሉ ወንድም ጋሼ እጁን አወዛወዘ፤ ግራ ተጋብተው ወረዱ።

የትርኢቱ ሜዳ የተከረከመ ሣር ነበር፤ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል። አፍንጫቸው የረዘመ የጭነት መኪኖች፣ መሰላል የተሸከመ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና፣ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ፣ አንድ የወተት ማመላለሻ፤ ባለቤቶቹ ሁሉ በኪሳቸው ጨርቅ ሻጥ አድርገው፣ ማንም ያላየውን አቧራ እየጠረጉ ይዞራሉ። ሻይ ከከተማው በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል፤ ሰውም እያማረረ ይጠጣል። እስቲልይ ዓይኗ ሁሉንም ሊበላ ደረሰ፤ የእሳት አደጋውን መኪና የውኃ ቧንቧ ለማየት ጎንበስ ብላ ስትመለስ ግን ደንግጣ ቆመች። አንድ መነጽራም ወጣት ዳኛ የሽማግሌውን የሞተር ክዳን በወረቀት አሽጎ ማኅተም እየመታበት ነበር። ሞተሩ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያሞቀው መቀዝቀዝ አለበት አለ። ፈተናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ማኅተሙን የሚቀድደውም፣ ሞተሩን የሚነካውም የተመዘገበው ሠሪ ብቻ ነው፤ ሌላ እጅ ከገባ ወዲያው ውድቅ ይሆናል። “እርስዎ ብቻዎን ነው የሠሩት አይደል፣ አባት?” አለ ወረቀቱን እያየ። “ብቻዬን” አለ ወንድም ጋሼ። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር።

አሁን ግድ ሆነባት። ዳኛው እስኪርቅ ጠብቃ ወደ ወንድሟ ተጠጋችና ቁጥር ሰባትን አስቦባት እንደሆነ ጠየቀችው። ሳቀ። ሽማግሌው ከዚህ የባሰ ብርድ አይቶ እንደሚነሳ፣ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዳላሳፈረው ነገራት። “እሱ ግን ሲቀዘቅዝ...” ብላ ጀመረች።

“እስቲልይ፣ አንቺ ወንበርሽን ጥረጊ” አላት፤ በክፋት አልነበረም፤ ሰው ዝንብ እሽ እንደሚል ነው።

ጧት የዘገየው ንዴት ያኔ ደረሰ። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ወንበሯን ጠረገች፤ አርባውን፣ አንድ በአንድ፤ እየጠረገችም እንግዲህ የራሱን ጉድ ራሱ ያውጣ ብላ ማለች። ቁልፉን ሲያዞር፣ ሽማግሌው ሲያቃስት፣ ያ ኮት የለበሰ ትከሻ ሲወርድ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስ አላላትም።

ከጎናቸው የቆመው አሮጌ የጭነት መኪና ባለቤት ወንድም ጋሼን ይዞት ስለ ፍሬን ሲያወራ ሚስቱ እስቲልይን ጥላው ሥር ጠራቻት። ሹራብ የምትሠራ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት። ባሏ ሲያገባት ይህ የጭነት መኪና እንደነበረው፣ ስለዚህ ራሷን እንደ ሁለተኛ ሚስት እንደምትቆጥር፣ የመጀመሪያዋ ግን ጎማ እንጂ ልብስ ስለማትጠይቅ እንደማይጣሉ ነገረቻት። ከዚያ አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ አለቻት።

“እኔ ወንበሮቹን አለበስኩ” አለች እስቲልይ።

ሴትየዋ ሹራቧን አስቀምጣ የእስቲልይን እጅ ያዘችና ገለበጠችው። ጥፍሮቿ ሥር፣ በጣቶቿ መታጠፊያ፣ ሳሙና የማይደርስበት ጥቁር ቅባት ገብቷል።

“እህቴ፣ ወንበር ማልበስ እንዲህ ያጠቁራል?”

እስቲልይ እጇን አልሰበሰበችም፤ አየችው እንጂ። ይህን እጅ ስምንት ዓመት ስታጥበው፣ ስትደብቀው፣ ጠረጴዛ ሥር ስታደርገው ኖራለች። አሁን እንኳ ማንም ሳያስገድዳት፣ ለማታውቃት ሴት፣ “ወንበሮቹን” ብላ መለሰች። ጧት ጀምራ መልስ የፈለገችለት ጥያቄ እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተመለሰ፤ እሱ የወንበሩን ነገር ያውቃል፣ ለመናገር ይሰስታል፤ የሞተሩን ነገር ግን አያውቅም፤ እንዳያውቅ ያደረገችው ደግሞ ራሷ ናት። ያላየውን ሥራ ከየት አምጥቶ ይናገር? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ እሷ ሥራውንም እሾኹንም ደብቃ ነው የሰው አፍ ስትጠብቅ የዋለችው። ይህ ማለት ወንድሟ አልበደላትም ማለት አይደለም። ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ እውነት መሆኑ ነው የገረማት። ተነሳች፤ ይቆጣ እንደሆነም ይቆጣ፣ አሁኑኑ ልትነግረው ሄደች። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ድምፅ ማጉያው የሽማግሌውን ተራ ጠራ።

ሰዉ ገመዱን ከበበ። መነጽራሙ ዳኛ ማኅተሙ አለመነካቱን አይቶ እጁን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ። ወንድም ጋሼ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ፤ ለሕዝቡ እንኳ ሰላምታ ሰጠ። ቁልፉን አዞረ። ሽማግሌው አቃሰተ፤ አቃሰተ፤ ዝም አለ። ከሰዉ መካከል አንዱ ሳቀ። “አንድ” አለ ዳኛው። ወንድም ጋሼ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ መውረጃ አጥቶ፣ ደግሞ አዞረ፤ አሁን ረዘም አድርጎ። ሞተሩ የሚዞር እንጂ የሚነሳ አልመሰለም፤ የባትሪውም ጉልበት እየቀነሰ መጣ። “ሁለት” አለ ዳኛው፤ እሱ ራሱ ያዘነ ይመስላል፤ የመጨረሻውን ከመሞከሩ በፊት ትንሽ ማረፍ እንደሚችል ነገረው።

እስቲልይ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ከቆመችበት ሆና ወንድሟ በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ከጎኑ ያለውን የሞተር ሽፋን ሲያይ አየችው። ያ ሽፋን ከሾፌሩ ቀኝ ጉልበት ጋር የሚገናኝ ነው። ወንድም ጋሼ ጉልበቱን ብርድ ስለሚቆረጥመው ጧት ጧት ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ወደዚያ ያስጠጋዋል፤ ሳያስበው፣ በልማድ። አሁንም አስጠጋው። ወዲያው መለሰው። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ሽፋኑ ላይ አኖረና ለረጅም ጊዜ አላነሳውም። ዳኛው ሰዓቱን አየ። ወንድም ጋሼ ቀና ብሎ ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገ፤ ብዙ ሰው አለፈና እህቱ ላይ ቆመ፤ ከፊቷ ወደ እጇ ወረደ፤ እጇን ስምንት ዓመት ያላየው ያህል አየው። ከመሪው ኋላ ተነስቶ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ።

“አባት፣ አንድ ሙከራ ይቀርዎታል” አለ ዳኛው።

“እኔ ቀዝቅዞ አግኝቼው አላውቅም” አለ ወንድም ጋሼ።

ዳኛው አልገባውም።

“ስምንት ዓመት ጧት ጧት አስነስቼዋለሁ። አንድም ቀን ቀዝቅዞ አግኝቼው አላውቅም። የሚያሞቅልኝ ሰው ነበረ ማለት ነው።” በአገጩ ወደ ገመዱ አመለከተ። “እሷን ጠይቋት።”

ዳኛው ወረቀቱን ገለጠ። “ብቻዬን ነው የሠራሁት ብለው ነው ያስመዘገቡት።”

“ብቻዬን መስሎኝ ነበር” አለ ወንድም ጋሼ።

ዳኛው ወደ ባልደረባው ሄዶ ተማከረ፤ ወረቀት አገላበጡ። ተመልሶ ምዝገባው ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ በባለቤቱ ፊርማ መታረም እንደሚችል፣ የሁለተኛው ሠሪ ስም ከገባ ሦስተኛውን ሙከራ እሷ ማድረግ እንደምትችል፣ ከወደቀ ግን ለሁለቱም መሆኑን ተናገረ። ወንድም ጋሼ እስክሪብቶውን ተቀበለ። በራሱ ጽሕፈት ጻፈ፤ የአባታቸው ስም እዚያው ስለነበረ የእሷን ስም ብቻ ከጎኑ ጨመረና ፈረመ። እስቲልይ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች። ማኅተሙን ቀደደች። የሞተሩን ክዳን ከፈተች። ወንድም ጋሼ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ፤ እጁን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

“ምን ላቀብልሽ?” አላት።

በሕይወቷ እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ ሁልጊዜ አቀባይዋ እሷ ነበረች። ትንሿን መፍቻ አለችው። የት እንዳለች አላወቀም፤ ከወንበሩ ሥር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ መሆኗን ነገረችው፤ ሄዶ አምጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። መጫን ጀመረች። አሥር ላይ ፓምፑ ልስልስ ነበር፤ ሠላሳ ላይ ከበድ አለ፤ ወንድም ጋሼ ሳትነግረው በከንፈሩ መቁጠር ጀምሯል። ስልሳ ላይ ብሎኗን አላላች፤ አረፋው ወጣ፣ ወጣ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ መጣና ጣቷን አረጠበው፤ አጠበቀች። ወጥታ መሪው ኋላ ተቀመጠች። ባትሪው ለአንድ ዙር ይበቃ አይበቃ አታውቅም ነበር፤ ቁልፉን አዞረች። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ አንድ ጊዜ አሳለና ተነሳ፤ ጥቁር ጭሱን ለቆ ሜዳውን አናወጠው። ሰዉ አጨበጨበ፤ መነጽራሙ ዳኛም ተራ ቁጥር ሰባት ላይ “አልፏል” ብሎ ጻፈ።

እስቲልይ በመስኮቱ ወደ ታች አየች። ስምንት ዓመት እንዳያውቅ ስትደክም፣ ስምንት ዓመት እንዲያውቅ ስትመኝ እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የገባት። ወንድም ጋሼ ክፍቱን የሞተር ክዳን ይዞ ቆሟል። ፈገግ አላለም። ደኅናውን ጆሮውን ወደ እሷ አዞረና በሞተሩ ጩኸት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቃት።

“በየጧቱ?”

“በየጧቱ።”

የሆነ ነገር ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

“እሑድም?” አላት።

“እሑድም” አለችው።